ጋሽ ሽመልስ ላለመጨፈር የማሉ ጊዜ

ከድጃ ከሮቤ ስትደውልልኝ ሰላምታዋ ረጅም ነው። «አካም ጅርታ? ፈያ ነሽ? ልጆቹስ? ባልሽስ? ላሟስ?» ትለኛለች። ላም የለኝም። ሀዋሳ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ እንስሳት ጤና ስለሠራች፣ ላም ያልተጠየቀበት ሰላምታ መንገድ ላይ የቀረ ይመስላታል። ባለፈው ጥቅምት ስትደውል ላሟን ዘለለቻት። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

«ስንዱ፣ ጋሽ ሽመልስ ሞቱ» አለችኝ።

«ምን ሆነው?»

«ተቀምጠው።»

«ምን?»

«ወላሂ ተቀምጠው! በረንዳቸው ላይ፣ ወንበር ላይ፣ ፀሐይ እየሞቁ።»

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት፤ እኔም ተከተልኳት። ለቅሶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንዳንስቅ የሚያደርግ ነገር አልነበረም፤ አብረን በሠራንባቸው ዘጠኝ ዓመታት ጋሽ ሽመልስ አምስት ደቂቃ ሙሉ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ያየ ሰው የለም። ስብሰባ ላይ እንኳን ግድግዳ ተደግፈው ነበር የሚቆሙት፤ «ከተቀመጥኩ ጉልበቴ ይቀየመኛል» ይሉ ነበር።

ጋሽ ሽመልስ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበሩ። ሥራቸው ከብት መክተብ፣ ፍቅራቸው ደግሞ ሶል ሙዚቃ ነበር። ያንን የድሮ የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን ማለቴ ነው፤ ዘፋኙ ሲለምን፣ ሲጮህ፣ ሲንበረከክ፣ ከኋላው ጡሩምባ «አይዞህ» እያለ የሚመልስለትን። ተወልደው ያደጉት ጎባ ነው። ወጣት ሳሉ ከአስመራ ተቀይሮ የመጣ አንድ ሹፌር ጎረቤታቸው ተከራየና አራት ሸክላ አሰማቸው። ሹፌሩ እንደገና ሲቀየር ሸክላዎቹን ጥሎላቸው ሄደ። «ሌላው ሰው ከጎረቤቱ ጨው ይወርሳል፣ እኔ ነፍስ ወረስኩ» ይሉ ነበር። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ፍላሽ እያገላበጡ እስከ ጡረታቸው አደረሱት።

እንግሊዝኛ ግን አያውቁም። የሚያውቁት የመድኃኒት ስም ብቻ ነው። ስለዚህ አብረው ሲዘፍኑ ቃሉ የጠፋባቸው ቦታ ላይ መድኃኒት ይከቱበታል። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ስገባ ከመድኃኒት ክፍሉ የሚሰማው ድምፅ ይሄ ነበር፤ «ኦ ቤቢ! ኦክሲቴትራሳይክሊን! አልቤንዳዞል ቱናይት!» ከልባቸው ነው የሚዘፍኑት፤ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ምን እያለ ነው?» ብላቸው፣ በሐዘን ራሳቸውን ነቅንቀው «በሬው ጠፍቶበት ነው» አሉኝ።

መጀመሪያ ሥራ ላይ ያየኋቸው ዲንሾ ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ ሮቤ ተመድቤ፣ በሦስተኛው ቀን ለክትባት ዘመቻ በፒካፕ ጭነውኝ ወጡ። የዲንሾ ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ገብሱ ዳር ከብቶቹ አንድ በአንድ የሚያልፉበት የእንጨት አጥር ተሠርቶ፣ ገበሬዎቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው ይጠብቃሉ። ጋሽ ሽመልስ ከመኪናው ወረዱ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ፣ አፍሮ ፀጉራቸውን ሽበት የወረሰው ሰው። መርፌያቸውን አዘጋጁ፣ ቦቲያቸውን ከጭቃው አላቀቁ፣ ከዚያ የመኪናውን በር ወለል አድርገው ከፍተው ቴፑን ለቀቁት።

ጋሽ ሽመልስ የሚከትቡት በምት ነበር። ከበሮው እስኪደርስ ይጠብቃሉ፣ ጡሩምባው «ጷ!» ሲል መርፌው ይገባል፣ ዞር ይላሉ፣ ቀጣዩ ላም ይመጣል፣ «ጷ!» ከብቶቹ ጆሮአቸውን ቀጥ አድርገው ያዳምጣሉ እንጂ አይራገጡም። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዱላቸውን ተደግፈው ብዙ ከተመለከቱ በኋላ ወደ ከድጃ ዞር ብለው ጠየቁ፤

«ሲርባ ሞ ዱኩባ?»

ዘፈን ነው ወይስ በሽታ ማለታቸው ነው። ከድጃ መልስ ሳትሰጥ አንድ ቀይ ኮርማ አጥሩን ገንጥሎ በቀጥታ ወደ ጋሽ ሽመልስ ሮጠ። እኔ ጮህኩ። እሳቸው አልሸሹም። በአንድ እግራቸው ሽክርክር ብለው ዞሩ፣ ኮርማው በጎናቸው ሽው ብሎ አለፈ፣ ሲያልፍም ታፋው ላይ ከተቡት። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉ።

«ዱኩባ ሚቲ» አሉ። በሽታስ አይደለም።

እኔም የዚያን ቀን ነው ይህን ሰውዬ የወደድኳቸው።

ብዙ ሰው ግን ግራ ይጋባባቸው ነበር። የነፍስ አባታቸው እንኳን አንድ ጊዜ ጠርተው ጠየቋቸው፤ ጋሽ ሽመልስ ራሳቸው ናቸው ያጫወቱኝ።

«ሽመልስ፣ ይሄ ሶል የምትለው ምንድን ነው?»

«አባ፣ ትርጉሙ ነፍስ ማለት ነው።»

«ነፍስ?»

«አዎ። አሜሪካን አገር አንድ ዘፋኝ አለ፣ የሶል አባት ነው የሚሉት።»

«ታዲያ እኔ ምንህ ነኝ?»

«እርስዎ ከወገብ በላይ ያለውን ይያዙልኝ፣ አባ።»

አርባ ስግደት ታዘዘባቸው። ሲሰግዱ በምት መሆኑን አባ አዩና ሌላ አርባ ጨመሩባቸው። «በሁለተኛው ዙር ነው ደንበኛው ምት የመጣልኝ» ብለው ነገሩኝ።

ስማቸው ከተማውን ያዳረሰው ግን በመሰንጠቁ ነው። የክትባት ዘመቻው ሲያልቅ በግ አርደን በግቢያችን ተሰብስበናል። ጋሽ ሽመልስ ከፌስታል ውስጥ ነጭ ጫማቸውን አወጡ። ይህን ጫማ ጭቃ ነክቶት አያውቅም፤ ሶሉን ሻማ ይቀቡታል፣ እንዲንሸራተት። ሲሚንቶው ላይ ወዲያ ተንሸራተቱ፣ ወዲህ ተንሸራተቱ፣ ዞሩ፣ በመጨረሻም አንዱ እግራቸው ወደ ጎባ፣ ሌላው ወደ ጎሮ ሄዶ መሬት ላይ ተሰነጠቁ። አጨበጨብን። ማጨብጨባችንን ጨረስን። እሳቸው እዚያው ናቸው።

«ጋሼ፣ ይነሱ እንጂ» አለች ከድጃ።

«እየተነሳሁ ነው» አሉ። አልተነሱም።

እግራቸው አልሰበሰብ አለ። ለአራት አነሳናቸው፤ እግራቸው እንደተዘረጋ ነው። በፒካፑ በር አላስገባ ስላለ ከኋላ ጭድ ላይ ጫንናቸውና ወደ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ኬላው ላይ ፖሊሱ አስቆመን።

«ምንድን ነው የጫናችሁት?»

«ባለሙያ» አለ ሾፌሩ።

ፖሊሱ ወደ ኋላ ሄዶ አየ። ጋሽ ሽመልስ ከጭዱ ላይ፣ እንደ መቀስ ተከፍተው፣ በአክብሮት ሰላም አሉት። እስከ ምሽት ድረስ በሮቤ ባጃጅ የሚነዳ ሁሉ ይህን ታሪክ ያወራ ነበር፤ ገሰራ ገበያ ሲደርስ ደግሞ ጋሽ ሽመልስ ለሁለት ተከፍለው ሊሰፉ ሄዱ ተብሎ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሳቅ ነው። አሁን የምነግራችሁ ግን ሳቅ ብቻ አይደለም።

ጋሽ ሽመልስ አንድ ልጅ ነበረቻቸው፤ ሰላም ትባላለች። እናቷ ገና በሦስት ዓመቷ ስለሞተች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ፀጉሯን የሚሠሩት እሳቸው፣ ወላጅ ስብሰባ የሚሄዱት እሳቸው። አድጋ መምህርት ሆነች፤ የጎባ ልጅ ወደደች። የልጁ አባት አቶ ዘለቀ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በችሎት ተቀምጠው ፊታቸው የተዘጋ ፋይል የመሰለ ሰው። ሲስቁ አይተን አናውቅም፤ ሲራመዱ እንኳን ይግባኝ የማይባልበት ውሳኔ ነው የሚመስለው።

ሽማግሌ የመጣ ቀን እኔና ከድጃ በእናት ፋንታ እንግዳ ለመቀበል ቤታቸው ነበርን። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ከነሱም ጋር ራሳቸው አቶ ዘለቀ። ልጅዎን ለልጃችን ተባለ፣ ተመረቀ፣ ሁሉም ነገር አለቀ። ከዚያ አቶ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንዲት ቃል ትቀረናለች» አሉ። «አቶ ሽመልስ፣ እርስዎን እናከብራለን። ነገር ግን ሰርጉ ላይ ከአዲስ አበባም ከሩቅም ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። የዚያን ቀን ባይጨፍሩ።»

ከድጃ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች፤ ሳህን ይዛ መቆጣት አትወድም።

«ማሊፍ? ለምን?» አለች። «ሰርግ አይደል እንዴ? ሰርግ ላይ ያልተጨፈረ ለቅሶ ላይ ሊጨፈር ነው?»

«ጭፈራማ ይጨፍሩ» አሉ አቶ ዘለቀ። «እስክስታ ይውረዱ፣ ማን ከለከላቸው? ያኛውን ነው። የሚሰነጠቀውን።»

ጋሽ ሽመልስ እስክስታ አይወርዱም። «ትከሻ ለአገር ነው፣ እግር ግን የግል ነው» ነበር የሚሉት። ቀና አሉና በጓዳው በር በኩል ሰላምን አዩዋት፤ እዚያ ቆማ ትሰማ ነበር።

«አንቺስ፣ ልጄ?»

ሰላም ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «አባዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ» አለች።

እውነቱን ለመናገር አልፈረድኩባትም። ከልጅነቷ ጀምሮ «የሚሰነጠቁት ሰውዬ ልጅ» እየተባለች ነው ያደገችው። ግን የጋሽ ሽመልስን ፊት ባየሁት ጊዜ ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ፈገግ አሉ፣ ቀኝ እጃቸውን አነሱ፣ «በልጄ እናት አፅም፣ አልጨፍርም» ብለው ማሉ። አቶ ዘለቀም «ቃለ መሐላው ተመዝግቧል» አሉ፤ መዝገብ ግን አልነበረም፣ ከልማድ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ጋሽ ሽመልስ ነጭ ጫማቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ቁም ሳጥን ላይ ሰቀሉት።

ከዚያ በኋላ የነበረው አንድ ወር ለእኛም ለከብቱም ፍዳ ነበር። «አለመጨፈርም ልምምድ ይፈልጋል» ብለው ቴፑን ዘጉት። ያለ ምት ሲከትቡ እጃቸው ተወላገደ። ላሞቹ መራገጥ ጀመሩ፤ አንዷ ከድጃን ጉልበቷ ላይ መታቻት። ሾፌሩ ራሱ ልምዱ ስለሆነበት ያለ ጡሩምባ ማርሽ መቀየር አቃተው። ያ የዲንሾ ሽማግሌ በአጥሩ አጠገብ ቆመው ብዙ ካዩ በኋላ፣ በዚህ ጊዜ አልጠየቁም፣ «ዱኩባ» ብለው በሐዘን ሄዱ።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ሮቤ፣ ትልቅ አዳራሽ፣ ከቀትር በኋላ። ጋሽ ሽመልስ ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ጥቁር ጫማ አድርገው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ተቀመጡ! እኔና ከድጃ በግራና በቀኝ ያዝናቸው። ሁለት እጃቸውን ከታፋቸው ሥር ቀብረውታል። እስክስታው፣ የባሌው ጭፈራ፣ ሁሉም ሲያልፍ ደህና ነበሩ። መሐላውን የማያውቅ ዲጄ ግን እንግዳ ለማስደሰት ብሎ አንድ የድሮ ሶል ለቀቀ።

ጋሽ ሽመልስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። የጫማቸው አፍንጫ መሬቱን መምታት ሲጀምር ከድጃ ረገጠችው። ሌላኛው ጀመረ፤ እሱን እኔ ረገጥኩት። ጉልበታቸው ተነሳ፤ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፤ የለስላሳው ጠርሙስ በራሱ ጊዜ ይጨፍር ጀመር።

«ያ ረቢ፣ ይሄ ሰውዬ ሊፈነዳ ነው» አለች ከድጃ በሹክሹክታ።

ቀና ስል ሰላምን አየኋት። በሙሽራ ወንበሯ ላይ ሆና ሌላ ሰው አታይም፤ የምታየው አባቷን ነው። ምን እንዳየች አላውቅም። ብድግ አለች፤ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ሚዜዎቿን ጥላ፣ አዳራሹን አቋርጣ መጣች።

«አባዬ፣ ተነስ።»

«ምያለሁ፣ ልጄ።»

«እኔ ነኝ ያስማልኩህ። እኔው ፈታሁህ። ሲያፍሩብህ አብሬ አፈርኩ፤ አሁን ግን እንዲህ ታስረህ ሳይህ ባሰኝ። ተነስ።»

ጋሽ ሽመልስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የማልኩት በእናትሽ አፅም፣ ለዳኛው ነው። ዳኛው ካልፈታኝ አልነሳም።»

ሰላም ወደ አማቷ ዞረች። አዳራሹ በሙሉ ዞረ። አቶ ዘለቀ ከዘራቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሱ።

«ቃል የተቀበልኩት በሽማግሌ ፊት ነው» አሉ። «ሽማግሌዎቹ ሳይሟሉ ላነሳ አልችልም።»

ሽማግሌዎቹ ይፈለጉ ተባለ። አንዱ ቁርጥ ላይ ተገኙ። ሁለተኛው ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ ተቀሰቀሱ። ሦስተኛው ከሽንት ቤት እስኪመለሱ ተጠበቀ። በኬኩ አጠገብ ቆመው መከሩ። የተኙት ሽማግሌ «ጥሎሽ ነው?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁ። በመጨረሻ አቶ ዘለቀ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«መሐላው ለአንድ ዘፈን ብቻ ተነስቷል። መሰንጠቅ ግን እንደተከለከለ ይቆያል።»

እልልታው ቀለጠ። ይሄኔ መብራት ጠፋ።

ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ። ጄኔሬተሩን የሚያውቀው ሰው የለም። በመስኮቱ በኩል የሚገባው የከሰዓት ብርሃን ብቻ ቀረ፤ ሰውም እርስ በርሱ ተያየ። ጋሽ ሽመልስ ተነሱ። ኮታቸውን አወለቁ፣ ለከድጃ ሰጡ። ከዚያ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ለቀቁት፤

«ኦ ቤቢ! አይቨርሜክቲን!»

«ጷ!» አልን እኔና ከድጃ። የመጣልን እሱ ነው።

«ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ማይ ላቭ!»

«ጷ! ጷ!» አለ የመሥሪያ ቤታችን ሰው ሁሉ። ከአዲስ አበባ የመጡት ትልልቅ ሰዎች «እንግሊዝኛቸው እንዴት ያምራል» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጨፈሩ። ወደ ስድሳ የተጠጉ ሰው እንደ ዘይት ፈሰሱ። ከሁሉ የገረመን ግን ሰላም ናት፤ እያንዳንዷን እርምጃ ታውቃታለች። ለካ በልጅነቷ እግራቸው ላይ አቁመው ሲያስተምሯት አድጋ፣ ስታፍርበት ኖራ፣ ደብቃው ነው እንጂ ረስታው አታውቅም። አባትና ልጅ ፊት ለፊት ቆመው ዞሩ፣ ተንሸራተቱ፣ ቬሎው አዳራሹን ጠረገው። አቶ ዘለቀ የውሳኔያቸውን አፈጻጸም ለመከታተል ከዘራቸውን ይዘው ከአጠገባቸው ቆመዋል፤ ዓይናቸው ከጋሽ ሽመልስ እግር አይነቀልም።

ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ልማድ አሸነፈ። የጋሽ ሽመልስ እግሮች መከፈት ጀመሩ፤ አንዱ ወደዚያ፣ አንዱ ወደዚህ። እግዱ ትዝ ያላቸው ግማሽ መንገድ ላይ ነው። እዚያው ቆሙ። ወደ ላይ አዩ።

«ክቡር ዳኛ፣ ልውረድ ወይስ ልነሳ?»

«ባሉበት ይቆዩ!» አሉ አቶ ዘለቀ፣ እና ሊያነሷቸው እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ ሽመልስ እጃቸውን ይዘው ሲነሱ ፍጥነቱ በዛ፤ ሁለቱም ተያይዘው ዞሩ። አንዴ ዞሩ፣ ሁለቴ ዞሩ፣ ከዘራው በረረና ኬኩ ላይ ተሰካ። ሕዝቡ ዳኛው እየጨፈሩ ነው ብሎ በእልልታ አዳራሹን አናጋው። አቶ ዘለቀም፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሦስተኛውን ዙር በራሳቸው ጊዜ ዞሩት። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው፤ ጥርሳቸው ያምራል።

ከዚያ በኋላ እኔ ሀዋሳ ተቀየርኩ፣ ዓመታት አለፉ። ከድጃ በደወለች በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ለመድረስ ሮቤ ገባሁ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ከዲንሾና ከገሰራ ድረስ ገበሬ መጥቷል። ለቅሶ ደርሼ፣ ሰላምን አቅፌ አልቅሼ፣ ትንሽ አየር ልውሰድ ብዬ ከድንኳኑ ኋላ ስወጣ አቶ ዘለቀ ከግንቡ ጥግ ብቻቸውን ቆመዋል። በጣም አርጅተዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው ጠሩኝ።

«አንቺ አብረሻቸው ሠርተሻል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያቺን የሰርጉን ዙር ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ እየመጣሁ ያለማምዱኝ ነበር። ለማንም አልተናገርንም። አሁን ከትናንት ጀምሮ ጠፋብኝ። በየትኛው እግር ነው የምትጀመረው? በቀኝ አይደለም?»

«እኔንጃ፣ ጋሼ፣ በቀኝ ይመስለኛል።»

ከዘራቸውን አስያዙኝ። በቀኝ እግራቸው ጀምረው ሊዞሩ ሞከሩ፤ ተንገዳገዱ፣ ግንቡን ያዙ። እንደገና ሞከሩ። በዚህ መሐል ሰላም ውሃ ልትቀዳ ብላ በጓሮ በር ብቅ አለች። ጥቁር ነጠላዋን እንደተከናነበች ቆማ አየቻቸው። ትቆጣቸው ይሆን ብዬ ፈራሁ። ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ መጥታም ክንዳቸውን ያዘች።

«በግራ ነው፣ አባባ» አለቻቸው። «በግራ ይጀምሩ።»